አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው መዝገብ

ሰኞ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ ወረቀት የሚያኝክ ማተሚያዬን በብብቴ ይዤ ወደ ሆል ሮድ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሄጄ ነበር። ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስወጣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ሲያለከልኩ አየሁ። እግራቸው ሥር በአበባማ የአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ ተቀምጧል። ቀና ሲሉ የሰፈሬ ሰው ሚርዛ ሹጃአት ሆነው አገኘኋቸው።

ሰፈሩ በአክብሮት ሚርዛ ሳሂብ ይላቸዋል፤ ሠላሳ አራት ዓመት በባቡር መሥሪያ ቤት የምልክት ሹም ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ በኮሌጅ ፋርስኛ ሳስተምር ያረጀሁ ነኝ። ሁለታችንም የምንኖረው ሙጋልፑራ ሰፈር ነው። ዓርብ ዓርብ ከሶላት ስንወጣ ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ ቅርበት ግን አልነበረንም።

«ሚርዛ ሳሂብ! በዚህ ዕድሜዎ ይህን ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ?» አልኳቸው።

«ሊፍቱ ሞቷል፣ ፕሮፌሰር። እኔም ተራዬን ይዣለሁ፤ ግን መጀመሪያ ይህን ሣጥን ማስነሣት አለብኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ‹የመነሻ ፕሮግራሜ አርጅቷል፣ አድስልኝ› የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደግ ነው ብዬ አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ አንዴ ጮኸና እሱም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ማራገቢያው ይዞራል፣ ፊቱ ላይ ያለው መብራት ይበራል፤ የኮምፒውተሩ መስኮት ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።»

ማተሚያዬን ደረጃው ላይ ትቼ የአልጋ ልብሱን አንድ ጫፍ ያዝኩ። እየወጣን ሳለ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ነገሩኝ። ስሰማ እጄ ላይ ያለው ነገር ክብደቱ የጨመረ መሰለኝ።

የልጃቸው ልጅ ሙኒብ ታላሴሚያ የሚባለው፣ ከእናትና ከአባት የሚወረስ የደም በሽታ ነበረበት። እንዲህ ያሉ ልጆች በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የሌላ ሰው ደም ካልተሰጣቸው አይኖሩም። ሚርዛ ሳሂብና ልጃቸው ደም የሚሰጥ ሰው እየፈለጉ ከተማውን ሲዞሩ የእያንዳንዱን ለጋሽ ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ በኮምፒውተር መመዝገብ ጀመሩ። ሙኒብ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ዓመታት ግን ሽማግሌው መዝገቡን አልዘጉትም። የሌሎች ልጆች አባቶች ይደውሉላቸዋል፤ እርሳቸው መስኮቱን አይተው ለለጋሹ ይደውላሉ። አሁን መዝገቡ ላይ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው አለ።

«ሌላ ቅጂ የለውም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የለውም። እንዲኖረውም አልፈለግሁም» አሉ በኩራት።

ሣጥኑን ታንዚላ ሱቅ አደረስን፤ ማተሚያዬንም ከደረጃው አምጥቼ እዚያው ተውኩ። ታንዚላ የአባቷን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ወርሳ ወደ ኮምፒውተር ያዞረች፣ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅልና ካቻቢቴ በእጇ ሳይኖር አትናገርም። ሽማግሌውን ወንበር ሰጥታ ነገሩን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተች። ገመዱን ነቅላ ማብሪያውን ለረጅም ጊዜ ተጫነች፤ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ባትሪ አውጥታ መለሰች፤ ራም የሚባሉትን የማስታወሻ ካርዶች አንድ በአንድ እየቀያየረች ሞከረች፤ ሌላ መስኮት አገናኘች። ማራገቢያው ዞረ፤ ጥቁሩ መስኮት ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«አባባ፣ መዝገቡ ያለበት ሃርድ ዲስክ ደኅና ሊሆን ይችላል» አለች። «የተበላሸው ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበው ትእዛዝ ነው። ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈ ነው፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቀርቷል። እስቲ መጀመሪያ ዲስኩን አውጥቼ በእኔ ማሽን ልየው።»

አየችው። መስኮቷ ላይ አርባ ስምንት አኃዝ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ መጣ። ታንዚላ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«ዲስኩ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚያውቀው ያ ማሽን ብቻ ነው። ማሽኑን ካስነሣሁት ራሱ ሊከፍተው ይችላል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ኮምፒውተር መጀመሪያ ያዘጋጀው ማን ነው? ቁጥሩ እሱ ዘንድ ይኖራል።»

ሚርዛ ሳሂብ ጣታቸውን ቆጠሩ። በኋላ፣ «አሁን የሌለ ሰው ነው» አሉ።

እኛ የሞተ ሰው መሰለን። ከአክብሮት የተነሣ ደግመን አልጠየቅናቸውም።

«እንግዲያው ቺፑን እንደገና መጻፍ አለብኝ። የሚጽፈውን መሣሪያ የሚያውሰኝ ሰው ረቡዕ ነው የሚመለሰው» አለችና ፊታቸውን አየች። «አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ይህን የመሰለ ነገር እንዴት አንድ ቦታ ብቻ ያስቀምጣሉ? ኮምፒውተር እኮ እንደኛው ነው፤ አንድ ቀን ይወድቃል።»

«ልጄ፣ እኔ በባቡር ቤት ነው ያደግሁት» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ጠንከር ብሎ። «በነጠላ ሐዲድ ላይ ያለው የናስ ይለፍ አንድ ብቻ ነው። ይለፉን የያዘ ነጂ ይገባል፣ ያልያዘው ይቆማል። ሁለት ይለፍ ቢኖር ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ይገናኛል። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በእኔ ጣቢያ አንድም ሰው አልሞተም፤ ለምን? ይለፉ አንድ ስለነበረ፣ እሱም በእኔ እጅ ስለነበረ!»

«የባቡሮቹ የሰዓት ሰሌዳስ፣ አባባ? እሱም አንድ ብቻ ነበር?»

«የሰዓት ሰሌዳማ በየጣቢያው ይለጠፋል።»

«ለምን?»

«አንዱ ጣቢያ ቢቃጠልስ? ሌላው ከየት ያው...» አሉና መሐል ላይ አቆሙ። ጺማቸውን ዳሰሱ። «ያ ሌላ ነው። የሰዓት ሰሌዳ ምስጢር አይደለም። ይህ መዝገብ ውስጥ የሰው ሚስቶች፣ የሰው ሴት ልጆች ስልክ አለ። በሌላ ሰፈር እንዲህ ያለ ዝርዝር የያዙ ወጣቶች ‹ለሁሉም ይድረስ› ብለው ኢንተርኔት ላይ ለጠፉት። ደም ልስጥ ያለች አንዲት ተማሪ ስንቱ ባለጌ ደወለላት መሰለሽ! ወንድሟ ስልኳን ሰባበረው፤ ትምህርቷንም አስቆማት። የኔ መዝገብ ላይ ያሉት ‹ለሚርዛ ሳሂብ ብቻ› ብለው ነው የሰጡኝ። አማና ነው፤ አደራ። አማናን ደግሞ ለዚህም ለዚያም አያባዙትም።»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት እኔም ወደ ሽማግሌው አድልቼ ነበር። አሮጌ ነገር የሚወድ ሰው ሁሉ ከስንፍና የተነሣ አይደለም የሚወደው። አንዳንዱ ሰው ሲጎዳ አይቶ ነው በሩን የዘጋው። ታንዚላም ይህን የገባት መሰለኝ፤ ድምፅዋ ለዘብ አለ።

«ስለ ተማሪዋ ልክ ነዎት። እኔም ሴት ነኝ፤ ስልክ ቁጥር እንዴት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እነዚህ ሰዎች ስልካቸውን የሰጡዎት እንዲደብቁላቸው ነው፣ ወይስ ልጅ ሲቸገር እንዲጠሩበት? መደበቁን ጠብቀዋል፤ አላህ ይስጥዎ። መጥራቱ ግን ትናንት ተቋርጧል። የአማናው ግማሽ ጎድሏል ማለት ነው።»

«ረቡዕ ይቀጠላል» አሉ ሚርዛ ሳሂብና የአልጋ ልብሳቸውን አጥፈው ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ስለ ማተሚያዬ ልጠይቅ ስሄድ አንድ ቀጭን ሰው የሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። ባሻራት ይባላል፤ ሪክሾ የሚባለው ባለሦስት እግር ባጃጅ ነጂ ነው። ማሂን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው፤ በሽታዋ እንደ ሙኒብ ነው። ደም የምትወስድበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ሚርዛ ሳሂብ ከውስጥ ተቀምጠው ስልካቸውን እያዩ ነበር።

«የደም ባንኩ ኦ ኔጌቲቭ አለው፣ ግን አልተስማማትም አሉኝ» አለ ባሻራት። «በየሰዉ ደም የኖረች ስለሆነች ሰውነቷ መራጭ ሆኗል አለኝ ዶክተሩ። ለእሷ የሚስማሙት ሚርዛ ሳሂብ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደረጉባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው።»

«አምስት ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «የሦስቱን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። አንዱ ካራቺ ሄዷል። አንዷ የዛሬ ወር ሰጥታለች፤ ደግማ ብትሰጥ እሷን እንጎዳለን። ሦስተኛው ስልኩ ዝግ ነው።»

«ሁለቱስ?»

ሚርዛ ሳሂብ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ወዳለው ሣጥን በአገጫቸው አመለከቱ። ባሻራት ሣጥኑን አየ። ወደ ታንዚላ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ይነሣል?» አላት። የሚጠይቀው ስለ ሣጥኑ ይሁን ስለ ልጁ አልለየሁም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ታንዚላ የተዋሰችውን መሣሪያ ቺፑ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ አስነከሰችው። ከማሽኑ ሠሪዎች ያወረደችውን ትክክለኛ ፋይል ጻፈችበት፤ ጽፋም መልሳ አንብባ አመሳከረች። ገመዱን ሰካች። ማራገቢያው ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ መስኮቱ በራ። ሚርዛ ሳሂብ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ብድግ አሉ።

ነገር ግን ያው ሰማያዊ ገጽ ነበር። አርባ ስምንት አኃዝ።

«የፈራሁት ይህን ነው» አለች ታንዚላ። «ዲስኩ የሚያውቀው የድሮውን ቺፕ ነው። አዲስ ስጽፍበት ባዕድ ሆነበት። አባባ፣ ከዚህ በኋላ የኔ ካቻቢቴ የሚሠራው ነገር የለም። ያለ ቁጥሩ ይህን ቁልፍ ዓለም ላይ የሚከፍት ሰው የለም፤ የተሠራውም እንዲያ ነው። ያዘጋጀው ሰው ቤተሰብ የለውም? ወረቀት አልተወም?»

«ወረቀቶቼን አያለሁ» አሉ። ወደ በሩ ዞሩ። «ልጄ፣ ሌላ መንገድ ፈልጊ።»

«ሌላ መንገድ የለም እኮ ነው የምልዎ!»

«ፈልጊ አልኩሽ!» ብለው ወጡ። እንደዚያ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ አልመጡም። በየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ «ኦ ኔጌቲቭ ደም ያለው ሰው» እየተባለ ተጠራ፤ ስድስት ሰዎች መጡ፤ የስድስቱም ደም ተመርምሮ አልተስማማም። ማሂን በዚያው ቀን ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ተኛች።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ ሚርዛ ሳሂብ ክንዴን ያዙኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ፕሮፌሰር፣ ታንዚላ ዘንድ አብረኸኝ ሂድ። ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

ሱቁ ስንደርስ አልተቀመጡም።

«ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ሰው አልሞተም» አሉ። «ኻዋር ነው፤ ልጄ ነው። ዓረብ አገር፣ ሻርጃ ይኖራል። ሙኒብን በቀበርን በአርባኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ ‹ከልጅህ መቃብር የሸሸህ ፈሪ› አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ሰኞ ዕለት ‹የሌለ ሰው ነው› ያልኩት... አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ታንዚላ ካቻቢቴዋን አስቀመጠች። ስልኩን ከእጃቸው ተቀብላ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባቴ?» አለ የጎልማሳ ድምፅ። «አባቴ፣ ታመሙ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ኻዋር፣ የኮምፒውተሩ... ቁጥር ይጠይቀኛል። ረጅም ቁጥር። አንድ ልጅ ደም ትፈልጋለች።»

«የስንት ዓመት ልጅ ናት?»

«ዘጠኝ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀም። ከስልኩ ውስጥ ፈልጎ ስድስት ስድስት አኃዝ እየከፈለ አነበበ፤ ታንዚላ ጻፈች፤ መልሳ አነበበችለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰማያዊው ገጽ ሄደና የመዝገቡ ስሞች በረድፍ በረድፍ ወረዱ። ስልኩን ሊዘጉት ሲሉ ኻዋር፣ «አባቴ፣ መቼ ነው የተበላሸው?» አለ።

«እሑድ።»

«ታዲያ ለምን እሑድ አልደወሉልኝም?»

ሚርዛ ሳሂብ መስኮቱ ላይ ወዳሉት ስሞች ዞሩ።

ከአምስቱ አራተኛው፣ ሻህድራ የሚኖር ጨርቅ አቅላሚ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። ሥራውን ጥሎ መጣ። ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጦ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ቀለም እንደነካው፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ተራውን ሲጠብቅ አንዲት ነርስ ከክፍሉ ወጣች። ማንንም ሳታይ አለፈች። ከኋላዋ የማሂን እናት የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። አቅላሚው እጅጌውን አላወረደውም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የጠፋው ሰው ይመስል ክንዱን እንደ ዘረጋ ቀረ።

ዶክተሩ የልጅቷ ልብ በየጊዜው ከወሰደችው ደም በተጠራቀመ ብረት የተዳከመ እንደነበረና ደሙ ማክሰኞ ቢገኝም ትድን እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል አስረዳን። ለመጽናኛ ነው የተናገረው። ሚርዛ ሳሂብ ግን፣ «አትድንም ነበር ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገርስ አለ?» ብለው ጠየቁት።

ከቀብሩ በኋላ ሳምንት ሙሉ ቤታቸውን ዘጉ። በስምንተኛው ቀን ታንዚላና እኔ ኮምፒውተሩን ይዘን ሄድን። በር ከፍተው ሲያዩት ወደኋላ አሉ።

«መልሳችሁ ውሰዱት። ወይም አጥፉት። አማና ለኔ የሚገባ አይደለም። ይለፉ በእጄ ነበረ፤ ባቡሩ ግን ሰው ላይ ሄደ።»

«አላጠፋውም» አለች ታንዚላ፣ ሳትጠየቅ ገብታ እየተቀመጠች። «ይቆጡኝ፤ ግን ይስሙኝ። ቢያጠፉት ማን ይቀጣል? እርስዎ? እርስዎማ ዕረፍት ያገኛሉ። የሚቀጡት እስከ ትናንት ድረስ በርዎን ሲያንኳኩ የነበሩት አባቶች ናቸው። ዛሬም ሦስት ሰዎች ደጅ ላይ አገኘን፤ ፕሮፌሰር ምስክሬ ናቸው።»

«ልጄ፣ እኔ ኩሩ ሰው ነኝ። የገደላት ማሽኑ አይደለም።»

«አዎ፣ አይደለም» አለች፤ በድፍረቷ ደነገጥኩ። «ግን ኩራትዎ ሊጎዳት የቻለው መንገዱ ሁሉ በእርስዎ በኩል ብቻ ስለሚያልፍ ነው። ሌላ አንድ ሰው ቅጂው ቢኖረው እርስዎ ከልጅዎ ጋር ዓመት ሙሉ ቢኳረፉ ማሂንን አይነካትም ነበር። ሰው ይኮርፋል፣ ይታመማል፣ ይረሳል፣ ይሞታል። ከመልካም ሰው ሁሉ ይህን ድክመት ማስወገድ አንችልም። ድክመቱ ልጅ ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን እንችላለን።»

ሚርዛ ሳሂብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ተማሪ፣ «ሴቶቹስ? ስልካቸውስ?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ልባቸው እንደተረታ አወቅሁ። የማይሰማ ሰው እንዴት ብሎ አይጠይቅም።

«እንጠይቃቸዋለን» አለች። «አንድ በአንድ ደውለን፣ ‹ስምዎ በሦስት ሰዎች እጅ እንዲሆን ይፈቅዳሉ?› እንላቸዋለን። የማይፈቅድ ይሰረዛል። ሴቶቹን የምትደውልላቸው ሴት ትሆናለች። ሦስቱም ቅጂ ይቆለፋል፤ የመክፈቻው ቁጥር ግን በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ታሽጎ በሦስቱም ቤት ይቀመጣል። ማሽኑ ‹አድሰኝ› ሲል ደግሞ መጀመሪያ ቅጂ ይወሰዳል፤ ዩፒኤሱ ደኅና መሆኑ ይታያል፤ ከዚያ ነው አዎ የሚባለው። ለኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ይህችው ናት።»

«ለኔስ?»

«ለእርስዎማ ዓርብ ዓርብ ሻርጃ መደወል ነው» አለች፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ስልክ መደወሉ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሠላሳ አንድ ሰዎች አንፈቅድም አሉና ስማቸው ተሰረዘ። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ቁጥራቸው ተለውጦ ተገኘ፤ ሁለቱ ከሞቱ ቆይተዋል። መዝገቡ አንድ እጅ ብቻ ላይ ሆኖ ሲያረጅ ማንም ያላየው ጉድለት ብዙ ሰው ሲያየው ወጣ። ሁለተኛው ቅጂ ታንዚላ ዘንድ፣ ሦስተኛው በሕፃናት ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ ዘንድ ተቀመጠ። በክረምቱ ሚርዛ ሳሂብ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አሥር ቀን ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ሲተኙ ሁለት ልጆች ሳይዘገዩ ደማቸውን አገኙ። ይህን ስነግራቸው፣ «እኔ ሳልኖር?» አሉ። «አዎ፣ እርስዎ ሳይኖሩ።» ፋሻውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ጎሽ፤ እንዲህ ነው ጣቢያ ማለት» አሉ።

ይህን የምታነብ ወዳጄ ሆይ፣ ምናልባት መዝገብ የለህም ይሆናል። ግን አንተ ብቻ የምታውቀው፣ አንተ ብቻ የምትከፍተው፣ ሌላ ሰው የሚጠብቀው ነገር ቤትህ ውስጥ አይጠፋም። ዛሬ ሳትታመም፣ መብራትም ሳይሄድ፣ ለሁለተኛ ሰው አሳየው። የተኳረፍከው ሰው እጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ደውልለት። ምክሩ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ያገኘነው በከባድ መንገድ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚርዛ ሳሂብ ቤት ሆነን አዲስ ለጋሾች ስንመዘግብ ሦስት ሪክሾዎች ደጅ ላይ ቆሙ። ባሻራት ነበር። ከቀብሩ ወዲህ አላየነውም። ከኋላው ስምንት ነጂዎች ወረዱ። ሚርዛ ሳሂብ ተነሥተው ቆሙ፤ ሰላም ለማለት ግን ድፍረት አጡ።

«ሚርዛ ሳሂብ» አለ ባሻራት በሩ ላይ እንደ ቆመ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ሰዎች ብዙ ይላሉ። ከዓርብ በፊት ለልጅዎ መደወል ይችሉ ነበር?»

«እችል ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሰኞም እችል ነበር።»

ባሻራት ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጓደኞቹን በእጁ እያሳየ ለእኛ ተናገረ።

«የልጄ በሽታ ከኔም ስለመጣ ደሜ ቀጭን ነው፤ አይፈለግም ተብያለሁ። እነዚህ በማቆሚያችን ያሉ ናቸው። መዝግቧቸው።»

ለዕለቱ ምዝገባ ከላቦራቶሪ የመጣ አንድ ሰው ጣታቸውን እየወጋ በመስታወት ላይ ጠብታቸውን መረመረ። ስድስተኛው፣ ኢምዳድ የሚባል ደንዳና ሰው ላይ ሲደርስ መስታወቱን ወደ ብርሃን አነሣና፣ «ኦ ኔጌቲቭ» አለ። ኢምዳድ ስድስት ዓመት ሙሉ ሪክሾውን ከባሻራት ሪክሾ አጠገብ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ደሙ ለማሂን ይስማማ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ አሁን የሚያውቅ የለም።

«ወንድሜ፣ አላውቅም ነበር» አለ ኢምዳድ፣ የተወጋች ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ። «በአላህ፣ ተመርምሬ አላውቅም።»

«እኔም ጠይቄህ አላውቅም» አለ ባሻራት።

ሚርዛ ሳሂብ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ዞሩና የኢምዳድን ስልክ ቁጥር ጠየቁ። ሲጽፉ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። በሦስተኛው ጊዜ ባሻራት ራሱ መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለና አኃዞቹን ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ አስጻፋቸው።